ጨዋማ አፈር ይዤ ደጋን ድረስ

እኔ ሰው አላምንም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ መቂ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ የሚለው ነው። ሽንኩርቴ ሲመዘን የሚዛኑን ድንጋይ ገልብጬ የማይ ሴት ነኝ። ከአንድ የውሃ ሞተር መሬታችንን የምናጠጣ ስምንት ጎረቤታሞች ተሰብስበን ወሎ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ሲፈለግ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለን የሚያታልል ገና አልተወለደም» አሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ከዓመት ዓመት መሬቱን ጨዋማ አድርጎታል። ባጠጣን በሦስተኛው ቀን መደቡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሽንኩርቱም ጫፉ ይቃጠልና አውራ ጣት ሳያክል ይቀራል። ይህን ያየ አንድ ባለሀብት መሬታችሁን ለሃያ ዓመት አከራዩኝ ብሎ ወረቀት አመጣ። ፊርማው ለእሑድ ተቀጠረ። የኔ ግማሽ ሄክታር አማቼ በእጃቸው የመነጠሩት፣ ሦስት ልጆች ያሳደግኩበት ነው። ሃያ ዓመት ለሌላው ሃያ ዓመት ይሁን፤ በኔ ዕድሜ ግን ለዘላለም ማለት ነው።

በዚህ መሃል ሽንኩርታችንን እየገዛ ደሴ የሚወስደው ነጋዴ ሳላህ በስልክ አንድ ወሬ ጣለብን። ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ደጋን የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ አንድ ሼህ የሽፈራው ቅጠል ወቅጠው፣ ጭማቂውን ለእህል እየረጩ፣ ጨው በበላው መሬት ላይ ያበቅላሉ አለን። ሽፈራው እኮ እኛም ጋ በየአጥሩ የቆመ ዛፍ ነው! እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያልኩት «ሳላህ ምን ያገኛል?» ነው። እኛ ካላመረትን እሱ ምን ይሸጣል?

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከመደቤ መሃል አፈር ዘገንኩና በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሞላሁ። ለማንም አልነገርኩም። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፦ የሼሁን ቅጠል እሳቸው በመረጡት አፈር ላይ ሳይሆን በኔው አፈር ላይ ደብቄ ልሞክረው። ጣሳውን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ከዳቦ ቆሎዬ ጋር ከረጢት ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ ገባሁ። የእህቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። እሷም «እትዬ፣ ዳቦ ቆሎሽ ከበደኝ» አለች፤ ከእጇ ተቀበልኳት።

ረቡዕ

የደሴ አውቶቡስ በጨለማ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ ካፖርቴን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ መንገድ ዳር የተከመረ ሽንኩርት አየሁ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ተመለከትኩት። ደህና ሽንኩርት ነው፤ ቀናሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ልጅ ከረጢቴን በረበረና ጣሳውን ከፈተ።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው።»

«አፈር? ምን ሊያደርግልዎት?»

ምን ልበል? የሰው መድኃኒት በስውር ልፈትን ነው አይባል! ተንተባተብኩ። ከኋላዬ የቆመች አንዲት አሮጊት ግን ቀደመችኝ። «አንተ ልጅ፣ አታይም እንዴ? እምነት ነው! ከገዳም ነው ይዛ የመጣችው» ብላ ገሠጸችው። ልጁ ደንግጦ አማተበና ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። መች በዚህ አበቃ! አውቶቡሱ ሲነሳ አሮጊቷ ጎኔ ተቀምጣ ለጉልበቴ ቆንጠር አድርጊልኝ አለች። ቆነጠርኩላት። ጨው ነው፤ አይጎዳትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሚሴን እስክናልፍ ድረስ ግን ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁም።

ደሴ የገባነው ወደ ማታ ነው። መቂን ለምታውቁ፣ ደሴ ሜዳ የሚባል ነገር የላትም። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ቢያመልጥህ ኮምቦልቻ ድረስ የሚያስቆመው ያለ አይመስልም። ሳላህ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝና ሸዋ በር ወዳለው ቤቱ ወሰደኝ። አያቱ ከየመን የመጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ያደገ፣ አፉ ማር የሆነ ሰው ነው። አፈ ማር ደግሞ እኔ አልወድም።

ሚስቱ ምስር ወጥና ሽሮ አቀረበች። ቅቤ የለበትም። «ዛሬ ረቡዕ አይደል፤ ይጾማሉ ብዬ በዘይት ነው የሠራሁት» አለችኝ። ሙስሊም ቤት ገብቼ የኔን ጾም ከኔ በፊት ያስታወሱልኝ ሰዎች ገጠሙኝ። ጠግቤያለሁ ስል «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እያለች ታጎርሰኛለች። መቂ ላይ እንግዳ ሁለቴ ይለመናል፤ ሦስተኛው ላይ ይተዋል። እዚህ ልመናው ማለቂያ የለውም። አልጋ ላይ ጋደም ስል ግን ልቤ አላረፈም። ይህን ያህል ደግነት ለምን? ምን ሊሸጡልኝ ነው?

ሐሙስ

ጧት ሳላህ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝና የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘን ወረድን። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከብርድ ወደ ሙቀት። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ከባድ መኪና በከባድ መኪና ላይ ተደርድሯል፤ አየሩ የመቂን ይመስላል። እዚያ ደስ አለኝ። የደጋኑን መኪና እየፈለግኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ሳላህ ነው። «እትዬ አስካለ፣ ለሼህ ይመር ደውዬላቸዋለሁ፤ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁዎታል።» ደሜ ፈላ። ሳልታሰብ ከተፍ ልልባቸው አልነበረም እንዴ? አሁን ጠርገውና አዘጋጅተው ይጠብቁኛል!

ሼህ ይመር ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ። «አህለን፣ አህለን! እንኳን በደህና መጣሽ እህቴ። ደከመሽ? አብሽሪ፣ ቤት ደርሰሻል» ብለው ከረጢቴን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጣሳው አለበትና አልሰጠሁም። ከረጢቱን እንዴት እንዳቀፍኩት ተመልክተው ፈገግ አሉ።

ቤታቸው እንደደረስን ባለቤታቸው ዘሃራ ውሃ አቀረበችልኝ። እኔ ግን ጉሮሮዬን ሳላርስ ማሳውን አሳዩኝ አልኩ። ማሳው ከወንዙ በላይ ነው። ታችኛው ጫፍ ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ሲደርቅ እንደኛው ነጭ ዱቄት ያወጣል። እዚያ ላይ ሁለት የማሽላ መደቦች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ወገቤ ድረስ፣ አረንጓዴ፤ ሌላው ጉልበቴ ድረስ፣ ጫፉ የተጠበሰ።

«ይህች ቅጠሉን የጠጣችዋ ናት፤ ያቺ ያልጠጣችዋ። ያቺን ለምስክር ነው የተውኳት» አሉ።

ለምስክር! ማነው መሬቱን ለምስክር ብሎ የሚያስርብ? እኔ በልቤ፣ ያረንጓዴዋ አፈር ከሌላ ቦታ ተግዞ የመጣ ነው ብዬ ፈረድኩ። አዛን ሲሰማ ሶላት ልስገድ ብለው ትተውኝ ሄዱ። ወዲያው ተንበርክኬ ሁለቱንም መደብ በጣቴ ጫርኩ፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ። ከአንዱ ቀመስኩ፤ ከሌላው ቀመስኩ። እኩል ጨው ነው። ሌላም ቦታ ጫርኩ። ያው ነው። አፌ በጭቃ ተሞልቶ ቀና ስል ሼህ ይመር ቆመዋል።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «በጀ፣ ቀምሰሻል። እንግዲያው ሦስተኛዋንም ቅመሺ» ብለው ከማሽላው ጀርባ ወሰዱኝ። እዚያ አንዲት ጠባብ መደብ አለች፤ ግማሿ ባዶ፣ ግማሿ ቀጫጭን ገብስ።

«እዚህ ላይ ሽንኩርት ተክዬ ነበር። ቅጠሉን እንደሌላው ሁሉ አጠጣሁት። ሞተ። ከዚያ ገብስ አደረግኩባት፤ እንደምታይው ነው፤ በጭንቅ።»

«ታዲያ ይህን ለምን ያሳዩኛል?» አልኩ።

«ለማየት አይደል የመጣሽው?»

የሚሸጥ ሰው የሞተበትን አያሳይም። ወይስ ይህም ብልሃት ነው?

ቅጠሉን እንዴት እንደሚያዘጋጁት አሳዩኝ። የሽፈራውን ለጋ ጫፍ ይቀጥፋሉ፣ በሙቀጫ ይወቅጣሉ፣ በጥቂት ውሃ ይለውሱና በነጠላ ጨርቅ ይጨምቃሉ። የተጨመቀውን አንድ ስኒ በሠላሳ ስኒ ውሃ ያቀጥኑታል። ዘሩን ከመዝራታቸው በፊት በዚያ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ሲበቅልም ቅጠሉ ላይ ይረጩታል። ከዓመታት በፊት አንድ የግብርና ባለሙያ ሊሞክር መጥቶ እሳቸው ማሳ ላይ ጀመረ፤ ባለሙያው ሲዛወር እሳቸው ቀጠሉ።

«ስንት ይሸጡታል?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ።»

ሳቁ። «ሲያድር ይሸታል እኮ፤ ወላሂ ማንም አይገዛኝ! ዛፉ በየአጥሩ ነው፤ ሙቀጫ በየቤቱ ነው። ደግሞስ ጨው የሚያወጣ እንዳይመስልሽ። ጨው የሚያወጣው ንጹሕ ውሃና ጊዜ ነው። ቅጠሉ እህሉን ጨው ያስችለዋል እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ ጓዳ አጠገብ ባለችው የእንግዳ ክፍል ጋደም ብዬ ሳለ፣ ዘሃራ ደጅ ላይ ከአንድ ወንድ ጋር ስትንሾካሾክ ሰማሁ።

«ካሳው፣ ቢላዋህን ይዘህ ና። እሷ እንዳትሰማ ብቻ።»

«የት ላይ ነው?»

«ከኋላ በኩል። ቶሎ በል፣ ሳትነቃ።»

ወገኖቼ፣ ዘለልኩና አልጋውን ጎትቼ በሩ ላይ አስደገፍኩ፤ የተከመረ የማሽላ ጆንያም ጨመርኩበት። እመብርሃን ድረሽልኝ እያልኩ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ከጓሮ የአንዲት ዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎም የወንድ ድምፅ፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!»

ካሳው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ነው። የኔ እምነት በሙስሊም የታረደ ስለማያስበላኝ፣ እሱ አርዶ፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ልትሠራልኝ ነው። ለምን ተንሾካሾኩ? እንግዳ ከሰማ አትድከሙ ብሎ ይከለክላላ! በሩን ሲያንኳኩ ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ።

አልጋውን ስመልስ ከረጢቴ ወድቆ ኖሯል፤ ጣሳው ተከፍቶ አፈሩ ምንጣፉ ላይ ፈሷል። ዘሃራ ዶሮ ወጡ ደርሷል ልትለኝ ገባች፤ አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አ... አፈር።»

«ከየት የመጣ አፈር? የሰው ቤት አፈር ደብቆ የሚያስገባ ማነው? ያረቢ! ምን በደልንሽ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ድግምት መስሏታል፤ እነሱ ሲህር የሚሉት። ኬላው ላይ እምነት የተባለው አፈር እዚህ መተት ሆነ። ዘሃራ ከንፈሯ ቁርዓን እየቀራ ወደ ኋላዋ ተመለሰች፤ ባሏን ጠራች። ሼህ ይመር ገቡ። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እንደማላምናቸው፣ ቅጠላቸውን ሰርቄ በራሴ አፈር ልሞክር እንደነበር፣ እሑድ መሬታችን ሊሄድ እንደሆነ። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። አፍሬ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት የለም።

ሼሁ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ቆነጠሩ። ዘሃራ «እንዳትቀምስ!» ብላ ጮኸች። ቀመሱ። ጥቂት ቆይተው ተፉት።

«ሲህር አይደለም ዘሃራ፤ ጨው ነው» አሉ። አፈሩን ሰብስበው ሳህን ላይ አደረጉት፣ ውሃ አጠጡትና ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ከጁምዓ መልስ እነግርሻለሁ።»

ዘሃራ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ይቅር ባይ ናት። «ብትነግሪን ምን ነበረበት? አንድ ጆንያ ብታመጪስ ምናለ!» ብላ አፈር ስሆን ብዪ እያለች ወጡን አወጣችልኝ። እየበላሁ እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው አልኳት።

ዓርብ

ሳህኑ ጧት ፀሐይ ላይ ወጣ። ሼሁ መስጊድ ሲሄዱ እኔ ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ለምን አዘገዩት እያልኩ ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ተበላሁ። ሊያባብሉኝ ይሆናል፤ አሁን ሁለት ኩባያ ጭማቂ አምጥተው ይህን ካጠጣሽ ሽንኩርትሽ ይበቅላል ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ ደግሞ! እውነቱን ልናገር፣ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። አታላይ ልይዝ የመጣሁ ሴት፣ ቁጭ ብዬ ውሸት እጠብቅ ነበር።

ሲመለሱ ሳህኑ ደርቋል። ላዩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ከሦስተኛዋ መደብ አፈር ዘግነው በሌላ ሳህን አጠጥተው አድርቀውት ኖሯል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። መንትያ ናቸው።

«እህቴ፣ ሽንኩርት አይሆንሽም» አሉ። «ቅጠሉን ሌት ተቀን ብታጠጪው አይሆንሽም። ሽንኩርት ጨው አይችልም። ሳላህም ሽንኩርትሽን ስለሚፈልግ ተስፋውን አብዝቶ ነግሮሽ ይሆናል፤ እወቅሰዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁነኝ?»

«ገብስ። ዘሩን ዘፍዝፊ፣ ርጪ። ውሃው የሚወጣበት ቦይ ቆፍሪ፤ ክረምት የመጣ እንደሆነ ዝናቡ መሬቱን ያጥበው። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። ከዚያ አላህ ያውቃል። አንዷን መደብ ደግሞ ሳታጠጪ ተያት፤ እውነቱን የምትነግርሽ እሷ ናት።»

«እሑድ ልፈርም ነው ወይስ አልፈርም?»

«ይህን እኔ አልመልስልሽም። መሬቱ ያንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ዘሃራ አሚን አለች፤ እኔም አሚን አልኩ።

ቅዳሜና እሑድ

የመልስ መንገዱን አላስታውሰውም። ሳላህ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ ሸኘኝ፤ ሼሁ ያሉትን ስነግረው ጆሮው ቀላ። «ወላሂ፣ በማሽላ ያየሁትን በሽንኩርት ይሆናል ብዬ ነው» አለኝ። አመንኩት ማለት ይከብደኛል፤ አልተጣላሁትም ግን። ዘሃራ የሰጠችኝ የሚዘራ ገብስ ጣሳው ውስጥ ነበር። ኬላው ላይ ሌላ ልጅ ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተሩ አጠገብ ተሰበሰብን። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሞተችዋን መደብም፣ ሁለቱን ሳህኖችም። ከሁላችን ዕድሜው የገፋው ጋሽ ታደሰ አንገቱን ነቀነቀ።

«አስካለ፣ የላክንሽ ይሆናል ወይም ውሸት ነው እንድትይን ነው። አሁን የምትይን ምንድን ነው?»

«እውነት ነው፤ ግን ለሽንኩርት አይሆንም። በገብስ መቆየት ይቻላል።»

«ገብስ ልጅ ያስተምራል?» አለ አንዱ። አልፈርድባቸውም፤ የራሳቸው ጭንቅ አለባቸው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሰባቱም ፈረሙ። እስክሪብቶው እኔ ጋ ሲደርስ ሳልፈርም መልሼ ለጋሽ ታደሰ ሰጠሁት። ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም ግን ቤቴ ድረስ አልሸኘኝም። ሄጄ አለቀስኩ።

ገብሱን ዘፍዝፌ በዚያው ሳምንት ዘራሁ። አንዷን መደብ ያለ ቅጠል ተውኳት። በአሥረኛው ቀን ሁለቱም በቀሉ፤ ቅጠል የጠጣችዋ ግን ጣት ያህል ትበልጣለች። ብቻዬን ማሳው መሃል እልል አልኩ። ሮጬ ለሼህ ይመር ደወልኩ።

«በቀለ! ሼህ፣ በቀለ! አልፎልኛል!»

«እሰይ! አልሀምዱሊላህ!» አሉ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እህቴ፣ እንዳታምኚው። ማብቀል ሌላ፣ ማፍራት ሌላ ነው። ጨው ተኝቶ የሚነሳ ነገር ነው። በየጧቱ ሄደሽ እዪው።»

እመኚኝ ብሎኝ ያላመንኩት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። አታምኚ ያለኝን ይህን ሰው ግን አመንኩት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ መደቡን ለማየት ሄድኩ።